«ማን አላችኋት?»፦ ስለ ስም አወጣጥ ልማዳችን

አያቴ ያረፈች ዕለት እኔ ገና ልጅ ነበርሁ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ከእናቴ አጠገብ ቆሜ ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ሳዳምጥ፣ ከግእዙ መካከል እየተመላለሰ ጆሮዬ የገባው «ወለተ ሐና» የሚል ስም ነበር። ቤተ ዘመዱም ጎረቤቱም አያቴን የሚያውቃት «የሺ» በሚል ስሟ ነውና፣ ካህናቱ ስለ ሌላ ሴት የሚጸልዩ መስሎኝ የእናቴን ነጠላ ጎተት አድርጌ «ወለተ ሐና ማናት?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኋት። «እማማ ናት እኮ፤ የክርስትና ስሟ ነው» አለችኝ። ከእጇ ጎርሼ፣ ከጀርባዋ ታዝዬ ያደግሁባት ሴት እስከ ዕለተ ሞቷ ያልሰማሁት ስም እንደ ነበራት ማወቄ በልጅነት ልቤ ትልቅ መደነቅ አሳደረ፤ ከብዙ ዘመን በኋላም የስም አወጣጥ ልማዳችንን የቀድሞ ነገር እንድጠይቅና እንድመረምር ያነሣሣኝ ይኸው የዚያን ቀን ጥያቄዬ ነው።

በክርስቲያኑ ወገን አንድ ሰው ቢያንስ በሁለት ስም ይኖር እንደ ነበረ፣ ዛሬም እንደሚኖር የታወቀ ነው። አንደኛው በቤት የሚወጣለት የዓለም ስሙ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወንድ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴትም በተወለደች በ80 ቀኗ በጥምቀት የሚቀበሉት የክርስትና ስም ነው። የቀኖቹ ቍጥር ያለ ምክንያት የተወሰነ አይደለም፤ መጽሐፈ ኩፋሌ እንደሚተርከው አዳም ወደ ገነት የገባው በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋንም በ80 ቀኗ ነውና፣ ሕፃን ተጠምቆ የልጅነትን ጸጋ ሲቀበል የቀደሙት ወላጆቻችን ወደ ገነት የገቡበትን መንገድ ይከተላል። በዚያ ዕለት በማለዳ ካህኑ ሕፃኑን ያጠምቃል፣ ሜሮን ይቀባዋል፣ ማዕተቡን በአንገቱ ያስርለታል፤ ስሙንም ብዙውን ጊዜ በዕለቱ ከሚታሰበው ቅዱስ ወስዶ ይሰይመዋል። ቀኑ በወሩ 12 ቢውል ሚካኤል፣ በ21 ቢውል ማርያም፣ በ23 ቢውል ጊዮርጊስ ይታሰባልና፣ ወንዱ ገብረ ሚካኤል፣ ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ሴቲቱም አመተ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ ትባላለች። በዚህ ስም ውስጥ የወላጅ ምርጫና የግል ፍላጎት ብዙ ስፍራ የላቸውም፤ ስሙ ባለቤቱን ከሌላው ሰው የሚለይ ሳይሆን ከቅዱሱ ጋር የሚያስተሳስር፣ አገልጋይነቱንና ልጅነቱን የሚመሰክር ነው።

የክርስትና ስም እንደ ልብ ለአደባባይ አይወጣም ነበር። ለሚጸልይ ካህን ይነገራል፣ በቍርባን ጊዜ ይጠራል፣ በመጨረሻም በፍትሐት ይታወሳል፤ ከዚህ በቀር ግን ወላጆችና የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ጠብቀው ይይዙታል፤ ድግምተኛ ስሙን ከሰማ በሰውየው ላይ ጉዳት ያደርሳል የሚለው ፍርሃት በሕዝቡ ልብ ጸንቶ ኖሯልና። ደብተራዎች በጠባብ ብራና ላይ ይጽፉት የነበረው ክታብ ጸሎቱ የሚጸለይለትን ሰው የሚጠራው በክርስትና ስሙ መሆኑ ይህንኑ ያስረዳል። ክታቡ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ይፋቅና የኋለኛው በስፍራው ይጻፍ ነበር፤ እንዲህ ባለው ብራና ላይ የተፋቀው ቦታ ሻክሮና ሳስቶ፣ በላዩም ያረፈው አዲስ ስም ቀለሙ ከዙሪያው ጽሕፈት ተለይቶ ይታያል። ጸሎቱ፣ ሐረጉ፣ የመላእክቱ ሥዕል አንድም ሳይለወጥ የተለወጠው ያ ስም ብቻ ነው።

እንግዲህ ነገሩን በጥሞና ለመረመረው፣ የአማርኛው የዓለም ስም ያን ያህል ነጻነት ሊያገኝ የቻለው የክርስትናው ስም የቅድስናውን ሸክም ስለ ተሸከመለት ይመስለኛል። ሃይማኖት የሚገባትን ስም በግእዝ ከወሰደች በኋላ፣ አባትና እናት፣ አያትና አክስት በቀረው ስፍራ የልባቸውን በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩ ዘንድ ተፈቅዶላቸው ነበር። ቋንቋውም ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ አማርኛ ስም «ሰጠ» ከማለት ይልቅ ስም «አወጣ» ይላልና፣ ስሙ አስቀድሞ ከሕፃኑ ወይም ከዘመኑ ውስጥ ተሰውሮ የነበረ፣ አስተዋይ ሰው ፈልጎ ያወጣው ያስመስለዋል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለውም ብሂል የሚያጸናው ይህንኑ ነው። ወደ አራስ ቤት የገባ ጠያቂም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ፣ ቅቤ ከበርበሬ የፈሰሰበትን ገንፎ ከቀመሰ በኋላ፣ የሕፃኗን ስም ሲጠይቅ «ማን አላችኋት?» ይላል። ጥያቄው ስለ መጠሪያዋ ቢሆንም ቃሉ «ስለ እርሷ ምን ተናገራችሁ?» እንደ ማለት ነው፤ ስምን ማውጣት ማለት አንድ ነገር መናገር ነበርና።

በእርግጥም ከአማርኛ ስሞች እጅግ ብዙዎቹ የተሟላ ንግግር ናቸው። የግእዝ ሰዋስው መምህራን ግስን በአናቅጽ እንደሚከፍሉት ሁሉ ስሞቻችንንም በአናቅጽ መክፈል ይቻላል። አበበ፣ ከበደ፣ ፈለቀ፣ ተሰማ፣ ለሴትም አበበች፣ ከበደች፣ ፈለቀች የሚሉት በቀዳማይ አንቀጽ የተነገሩ ናቸው፤ ገና ዓይኑን አጥርቶ ያልገለጠ ሕፃን «አበበ» ሲባል፣ ነቢያት ወደ ፊት የሚሆነውን እንደ ተፈጸመ አድርገው በኃላፊ ግስ እንደሚናገሩ፣ ወላጅም የልጁን ማበብ ከወዲሁ እንዳየው አድርጎ ይናገራል። ይልማና ይርጋ ምርቃት ናቸው፤ ደምሰው፣ አስፋው፣ ግዛቸው፣ በላቸው፣ ናደው ደግሞ በትእዛዝ አንቀጽ የወጡ፣ በጨቅላው እጅ ገና ያልተያዘውን ጦር አስቀድመው የሚያሲዙ ናቸው። ማንደፍሮና ማንያዘዋል ወደ ጠላት የተወረወሩ ጥያቄዎች ሲሆኑ፣ ማንጠግቦሽ ግን ወደ ሕፃኗ ዘንበል ተብሎ በፍቅር የተጠየቀ፣ መልስ የማይሻ ጥያቄ ነው። ወርቅነህና ጥሩነሽ ፊት ለፊት የሚነገሩ የሙገሳ ቃላት ናቸው፤ ስለዚህም ሰውየው ሽማግሌ ሆኖ እንኳ በስሙ በተጠራ ቍጥር፣ እናቱ በአራስነቷ የነገረችው ቃል በሁለተኛ መደብ እንደ ተነገረው ይደገምለታል። ወንድማገኘሁና እታገኘሁ በሚሉት ስሞች ደግሞ ተናጋሪው አባትም እናትም አይደለም፤ ወላጆቹ ቃሉን ለታላቅየው ልጅ አውሰው በእርሱ አንደበት ያናግሩታል።

ደስታ ብቻ አይደለም የሚነገረው። የሕፃን ሞት በየቤቱ ይመላለስ በነበረበት ዘመን፣ ከሞተው በኋላ የተወለደው ልጅ ካሣ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ ይባል ነበር፤ ካሣ ለጠፋው የተከፈለ ዋጋ፣ ማስረሻም ኀዘንን የሚያስረሳ ማለት ነውና፣ ልጁ ዕድሜውን ሁሉ ያላየውን ወንድሙን ወይም እኅቱን በስሙ ተሸክሞ ይኖራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በትውልድ ስማቸው ካሣ ኃይሉ ነበሩ፤ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ በፍካሬ ኢየሱስ መምጣቱ የተነገረለትን የጻድቁን ንጉሥ ስም ወሰዱ። በ1864 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ ራብዕም አስቀድሞ ካሣ ምርጫ ይባሉ ነበር። ቴዎድሮስ ራሳቸው ለልጆቻቸው ካወጧቸው ስሞች አንዱ መሸሻ፣ አንዱ ዓለማየሁ ነው። ዓለማየሁ ማለት ተድላን ደስታን አየሁ ማለት ነው፤ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በ1853 ዓ.ም. የተወለደው ይህ ልጅ ግን በ1860 ዓ.ም. አባቱ በመቅደላ ከሞቱ፣ እናቱም ጥቂት ቆይተው በጉዞ ላይ ካረፉ በኋላ በእንግሊዞች ተወስዶ፣ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በባዕድ ምድር ዐረፈ፤ መቃብሩም በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት አጠገብ ነው። የስሙ ደስታ የወላጆቹ ነበር፤ የሕይወቱ ኀዘን ግን ስሙን ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ተረፈ።

በቤተ መንግሥትም ቢሆን ስም ማለት መናገር ነበር። ልብነ ድንግል ወናግ ሰገድ፣ ፋሲለደስ ዓለም ሰገድ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ አድያም ሰገድ የተባሉት በመንግሥት ስማቸው ነው፤ «አድያም ሰገድ» ማለት አውራጃዎች ሁሉ ሰገዱለት ማለት ስለሆነ፣ ንጉሡ በተጠራ ቍጥር የሀገሩ መስገድ ይነገራል። ይኸው አነጋገር በቤተ መንግሥት ተወስኖ እንዳልቀረ ሸዋረገድና አሰገደች የሚሉት የሴቶች ስሞች ያስታውሱናል። ከሁሉ ይልቅ የሦስቱን ስሞች ሥርዐት አጉልታ የምታሳየን በጎንደር በ1723 ዓ.ም. ዘውድ የደፋችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። በጥምቀት ወለተ ጊዮርጊስ፣ በዘውድ ብርሃን ሞገሳ ተብላለች፤ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ግን አንድ ሰው ባያት ጊዜ ተገርሞ በተናገረው በሚመስለው፣ ምንኛ ውብ ናት በሚለው ስሟ ነው። የጥምቀቱ ስም ወደ እግዚአብሔር፣ የዘውዱ ስም ወደ መንግሥቱ ሲያመለክት፣ ሦስተኛው ወደ ፊቷ የሚያመለክት ነበርና ዘመን ሳይሽረው ቀረ። ለጦረኛም አራተኛ ስም አለ፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው፤ ይህ ግን ሰው በአራስ ቤት ሳይሆን ካደገ በኋላ በአደባባይ የሚያገኘው ስም ነው።

የክርስትና ስም ከተሰወረበት ወጥቶ በአደባባይ የነገሠበትንም ቀን ታሪክ መዝግቦታል። ተፈሪ መኮንን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲደፉ የነገሡት በጥምቀት ስማቸው፣ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነው። ተፈሪ የሚፈራ ማለት ነው፤ የሰው ግርማ ይነገርበታል፤ ኃይለ ሥላሴ ግን ኃይሉን ሁሉ ለሥላሴ ይሰጣል። በዚሁ ቤት የልጆቹ ስሞች የዘመኑን ጣዕም በአንድ ገበታ ያቀርቡልናል፦ ተናኘ ወርቅ፣ አስፋ ወሰን፣ ዘነበ ወርቅ፣ ፀሐይ፣ መኮንን፣ ሣህለ ሥላሴ። ለሴቶቹ ወርቁ ይበተናል፣ ወርቁ ይዘንባል፣ ፀሐይም ትወጣለች፤ ለአልጋ ወራሹ ወሰን ይሰፋለታል፤ መኮንን የአያትን፣ ሣህለ ሥላሴም የአባታቸውን ቅድመ አያት፣ የሸዋውን ንጉሥ ስም ያነሣሉ። ለወንዱ ግዛት፣ ለሴቲቱ ጌጥ ይመኙ የነበሩት ወላጆች በቤተ መንግሥትም በጎጆም አንድ ዓይነት ልብ እንደ ነበራቸው ከዚህ እንረዳለን።

ልማዱ ግን በአንድ ሃይማኖት ወይም በአንድ አውራጃ የተወሰነ አይደለም። በትግራይና በካህናት ቤት የግእዙ ስም ራሱ የአደባባይ ስም ሆኖ ኖሯል። በወሎ ሙስሊሙ ሕፃኑን በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ አርዶ ሲሰይም ሰይድ፣ አሕመድ፣ እንድሪስ፣ ዘይነብ ቢልም፣ በዚያው አገር አንድ ቤተ ዘመድ በሁለት ሃይማኖት ተከፍሎ ሲገኝ ወንድማማቾቹ በስማቸው ቢለያዩም በአያታቸው ስም ይገናኛሉ። የአማርኛ ስም ከአባት ስም ጋር እንጂ ከቤተ ዘመድ ስም ጋር ተጣምሮ አያውቅምና፣ ሰው የአባቱን፣ ከዚያም የአያቱን ስም እየቈጠረ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሴትም ባል ብታገባ የአባቷን ስም አትለቅም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በዚህ ነገር ሕጉን ሳይሆን ልማዱን ተከተለ። ይህም በመሆኑ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ቃል የሚናገርበት ስፍራ አላጣም፤ የአባቱ ስም ለልጁ ሁለተኛ ስም፣ ለልጅ ልጁም ሦስተኛ ስም ሆኖ ካገለገለ በኋላ ለአዲስ ቃል ቦታውን ይለቃል።

ስለዚህ ዘመን ሁሉ በልጆቹ ስም ውስጥ ዐሻራውን ጥሎ አልፏል። ከጠላት ወረራ በኋላ ነፃነት፣ ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ አብዮት የተባሉ ልጆች ዛሬ የልጅ ወላጆችና አያቶች ናቸው፤ ስማቸውን የሰማ የተወለዱበትን ዘመን ሳይጠይቅ ያውቃል። በእኛ ዘመን ደግሞ ከቀደመው የተለየ ጣዕም መጥቷል። ናታን፣ ሳሮን፣ ናሆም፣ ኤፍራታ፣ ናርዶስ የሚባሉ ልጆች በየትምህርት ቤቱ በዝተዋል፤ ስሞቹ ከመጻሕፍት የተገኙ፣ ለጆሮ የሚጥሙ፣ አጫጭር ናቸው። ወላጆቹን እዚህ ላይ መውቀስ አይገባም፤ ልጃቸውን ለእግዚአብሔር ቃል ማስጠጋት መልካም ነገር ነው፣ ስሙም ከሀገር ውጭ በቀላሉ እንዲጠራ መሻታቸው ከዘመኑ የመጣ አሳብ ነው። ነገር ግን አስቀድመን እንዳየነው፣ ቅዱሱ ስም በጥምቀት የራሱ ስፍራ ነበረው፤ አሁን ያ ቅዱስ ስም የዓለሙንም ስፍራ ሲይዝ፣ ወላጅ በገዛ ቋንቋው ለልጁ የሚናገርበት ስፍራ እየጠበበ ይሄዳል። ስሙ ይመረጣል እንጂ አይወጣም፤ ይሰማል እንጂ አይናገርም።

ስም መናገሩን ሲያጣ ምን እንደሚጐድል በግልጥ ያሳዩን በባዕድ ሀገር ያሉት ወገኖቻችን ናቸው። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ፣ በተለይም ልጆቹ፣ በደረሱበት ሀገር የዕብራይስጥ ስም ወጥቶላቸው ነበር፤ ካደጉ በኋላ ግን ከመካከላቸው እናታቸው ወዳወጣችላቸው የአማርኛ ስም የተመለሱ አሉ። የተመለሱት ወደ ድምፁ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ስም ውስጥ ወደ ተቀመጠው የእናት ቃል ነው። በአሜሪካ የሚኖሩትም የአያት ስም «የቤተሰብ ስም» ተብሎ በወረቀት ሲጻፍ፣ አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት የተለያየ ስም ስላላቸው በየመሥሪያ ቤቱ ሲያስረዱ ይውላሉ፤ እያንዳንዱ ስም የአንድ ሰው ቃል እንጂ የቤት ምልክት አለመሆኑን ለባዕድ ማስረዳት ቀላል አይደለምና።

በዚህ ምክንያት እኔ የምለምነው አዲሱ ስም ይቅር ብዬ አይደለም። የቀድሞዎቹ ለአንድ ልጅ ሁለትና ሦስት ስም ማውጣትን እንደ ብዛት አይቈጥሩትም ነበር፤ አባት አንድ፣ እናት አንድ፣ አያት አንድ ብለው፣ ከሁሉ የተወደደው በጊዜው ይጸና ነበር። ይህ ሰፊ ልማድ ለዛሬ ወላጅም ይበቃዋል፤ በመዝገብ የሚጻፈው ስም የፈቀዱት ይሁን፣ በጥምቀት የሚጠራው የቅዱሱ ይሁን፣ በቤት ውስጥ ግን አንድ ሰው ሕፃኑን አይቶ በገዛ ቋንቋው አንድ ቃል ይናገርለት።

ባለፈው ዓመት የእኅቴ ልጅ ሴት ልጅ ወለደችና ለመጠየቅ ሄድሁ። የአራሷ አክስት፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት፣ ጨቅላዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋ ተቀምጣ ነበር፤ «ማን አላችኋት?» ብላ ጠየቀች። «ናርዶስ» አለች እናቲቱ። «ምን ማለት ነው እሱ?» «ሽቱ ነው፣ እትዬ፤ በወንጌል አለ፤ ሴቲቱ በጌታ ራስ ላይ ያፈሰሰችው።» አሮጊቷ ጥቂት አሰበችና «ደግ ስም ነው፤ ያሳድጋት» አለች፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ የሕፃኗን ግንባር ሳመችና፣ ለእኛ ሳይሆን ለእርሷ፣ «እኔ ግን ማንጠግቦሽ እልሻለሁ» አለቻት። አሁን ልጅቱ ዳዴ ትላለች፤ ናርዶስ ሲሏት ዞር ትላለች፣ ማንጠግቦሽ ሲሏትም ዞር ትላለች። በ80 ቀኗ የወጣላትን ሦስተኛውን ስም ግን እኔ አልጠየቅሁም፤ እርሱ ተጠብቆ ይቆይላት።